እማዬ፣ እዚህ እኮ ሁሉም ሜዳ ነው

እናቴ ስልክ ልትዘጋ ስትል አትቸኩልም። መጀመሪያ ትመርቃለች። ምርቃቱ ረጅም ነው፣ መጨረሻው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ዳገቱን ሁሉ ሜዳ ያድርግልህ"። አንድ እሑድ ጠዋት ቡናዬን ይዤ መስኮት ጋ ቆሜ እየሰማኋት ሳለ ሳላስበው አመለጠኝና "እማዬ፣ እዚህ እኮ ሁሉም ሜዳ ነው" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ታዲያ ሁልጊዜ ደከመኝ ደከመኝ የምትለው ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

የምኖረው ሆላንድ ነው፣ ሮተርዳም ውስጥ፣ በምሥራቅ በኩል ባለ ሰፈር። ያደግኩት ደግሞ ሽሮ ሜዳ። ሽሮ ሜዳ ስሙ ሜዳ ይሁን እንጂ የእንጦጦ እግር ሥር ያለ ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት ስሄድ ቁልቁል ነው፣ ርቦኝ ስመለስ ሽቅብ። ኳስ ካመለጠችን አንከተላትም ነበር፣ ታች ያሉ ልጆች ይይዙልናል እያልን እንጮሃለን። አሁን ያለሁበት ሰፈር ከባህር ጠለል በታች ነው። በታች! ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ኒውወርከርክ የምትባል መንደር አጠገብ የአገሩ ዝቅተኛ ቦታ አለ፣ ከባህር ጠለል በታች 6 ሜትር ከ76 ሳንቲሜትር፣ ትልቁ የመኪና መንገድ ዳር ምልክት ሁሉ ቆሞለታል። አውሮፕላን ማረፊያቸው ራሱ ከባህር በታች ነው። ከቦሌ ተነስቶ ስኪፖል ያረፈ ሰው 2,300 ሜትር ወርዶ፣ ባህሩ ላይ ሲደርስ አላበቃም፣ ሦስት ሜትር ገደማ ደግሞ ይጨመርለታል።

መጀመሪያ እንደመጣሁ ሰሞን በብስክሌት እየሄድኩ ጀልባ ከጭንቅላቴ በላይ ሲያልፍ አየሁ። ቀና ብዬ ነው ያየሁት። ቦዩ በግድብ ተይዞ ላይ ነው፣ መንገዱና ቤቱ ታች ነው። ሰውየው ጀልባው ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች እየበላ እንደ ሰገነት ቁልቁል አየኝና እጁን አነሳልኝ። እኔ ግን የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እውነቴን ነው።

ለሐበሻ ከፍታ ማለት ቁጥር አይደለም። ከፍታ ማለት ብርድ ነው፣ ገብስ ነው፣ ጋቢ ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ስንል የምንበላውንም የምንለብሰውንም አብረን ነው የምንናገረው። ትምህርት ቤት ከ500 ሜትር በታች ያለውን በረሃ ብለው ነበር ያስተማሩን። እንግዲህ በዚህ ስሌት ሆላንድ ጠቅላላው በረሃ ነው፣ ከፍተኛው ቦታው እንኳ አያመልጥም። በረሃው ላይ ግን ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ላም ነው፣ በግንቦት ጃኬት ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው መልክዓ ምድር በሙሉ ተገለበጠብኝ። ወጥ እንኳ ተገለበጠብኝ። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እዚህ 100 ሳይሞላ አይፈላም፣ ስለዚህ እናቴ ባስተማረችኝ ሰዓት ቆጥሬ የሠራሁት ምስር ገንፎ ሆኖ ጠበቀኝ።

ተራራ ፍለጋ የጀመርኩት በሳቅ ነው። የሥራ ባልደረባዬ፣ ሆላንዳዊ ነው፣ ሰኞ ዕለት "ቅዳሜና እሑድ ተራራ ሄጄ ነበር" አለኝ። የቱ አገር ስለው እዚሁ፣ አሜሮንገን። ቁመቱ? 69 ሜትር። ሻዩ በአፍንጫዬ ሊወጣ ምንም አልቀረው። አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ 209 ሜትር ነው፣ ሊፍት አለው፣ ማንም ተራራ ብሎት አያውቅም። እነሱ ግን በቋንቋቸው በርግ ይሉታል፣ በርግ ማለት ደግሞ ተራራ ነው፣ ኮረብታ የሚል ሌላ ቃል እያላቸው። በጣም የምወደው ነገራቸው ይሄ ነው። ጉብ ያለ ነገር ካገኙ በርግ ነው፣ ክርክር የለም።

ይኸው ሰውዬ ሳቄን እንደ ስድብ ሳይቆጥር "ና፣ ላሳይህ" አለኝ። እንዲህ ነው እኔ ባለፉት ሁለት ዓመታት በእረፍት ቀኔ የሆላንድን ተራራ ስዞር የቆየሁት። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በመጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ መሃል አገር ያሉት ተራሮች በሙሉ አሸዋ ናቸው። ድንጋይ የለም። የዛሬ 150,000 ዓመት ገደማ ከሰሜን የመጣ በረዶ፣ ውፍረቱ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር፣ ወንዞች አንጥፈውት የነበረውን አሸዋና ጠጠር እንደ ግሬደር እየገፋ ዳርና ዳር ከመረውና ቀለጠ። ያ ክምር ነው ዛሬ ደን ለብሶ ተራራ የተባለው። አልፎ አልፎ አንድ ትልቅ ድንጋይ ታገኛለህ፣ እሱም በበረዶው ተጭኖ ከስካንዲኔቪያ የመጣ ስደተኛ ነው። እንደኔው። ከሊምቡርግ ክፍለ ሀገር ውጪ ከፍተኛው ከእነዚህ አንዱ ነው፣ ፌሉወ የሚባለው ደን ውስጥ፣ 110 ሜትር ገደማ። እዚያ አካባቢ በነሐሴ መጨረሻ የሚያብብ ሐምራዊ ቁጥቋጦ አለ፣ ኮረብታው ሁሉ በአንዴ ቀለም ይገባል። እዚያ ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቁመት ሳልጠይቅ ዋልኩ።

ከዚያ ግሬበበርግ ሄድን። ረነን ከምትባል ከተማ ጫፍ፣ የራይን ወንዝ ዳር ያለ፣ 50 ሜትር ትንሽ የሚያልፍ። ቀልዴን አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ላይ ስንደርስ ግን መንገዱ ዳር የወታደር መቃብር ነው። ተመሳሳይ ድንጋይ በተርታ፣ ሣሩ የተስተካከለ፣ ብዙዎቹ ገና ልጆች፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ ሁለት። በግንቦት 1940 ጀርመኖች ሲገቡ ሦስት ቀን የተዋጉት እዚህ ነው፣ ከ400 በላይ የሆላንድ ወታደሮች አልቀዋል። ለምን እዚህ? አገሩ ሁሉ ሜዳ ስለሆነ ነዋ። ከዚያች ጉብታ ላይ ሆነህ ሸለቆውንም ወንዙንም ታያለህ፣ ሌላው ቦታ ላይ ቆመህ የምታየው የጎረቤትህን አጥር ነው። እኛ እንዲህ ላለ ቦታ አምባ የሚል ቃል አለን። 50 ሜትር አምባ ሊሆን እንደሚችል ግን አስቤ አላውቅም። ባልደረባዬ ምንም አላለም፣ እኔም ቀልዴን ዋጥኩ፣ ሄደን ሾርባ ጠጣን።

ሊምቡርግ ደግሞ ሌላ ነው። ካርታው ላይ ወደ ታች እንደ ጅራት የተንጠለጠለው ክፍለ ሀገር። እዚያ አፈሩም፣ የሰዉም አነጋገር፣ የቤቱም ድንጋይ ይለያል፣ አቀበቱም እውነተኛ አቀበት ነው። ቫልከንቡርግ ላይ ካውበርግ የሚባል ዳገት አለ፣ የብስክሌት ውድድር የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል፣ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና አምስት ጊዜ ቫልከንቡርግ ተደርጓል፣ የመጨረሻው በ2012። ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው የሚበልጠው። "እኔ የእንጦጦ ልጅ ነኝ" አልኩና ማርሽ የሌለው፣ ፍሬኑ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ የኪራይ ብስክሌት ይዤ ገባሁበት። ግማሹ ላይ ወረድኩ። እየገፋሁ፣ ላቤ አይኔ እየገባ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እመቤት በኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ ቅርጫታቸው ውስጥ ውሻ ይዘው፣ ፉጨት በሚመስል ድምፅ አለፉኝ። ውሻው ዞሮ አየኝ። እሳቸው አላዩኝም፣ ተመስገን።

በማግስቱ ዋናው ተራራ፣ ቫልሰርበርግ። 322 ሜትር ከምናምን። ከአውቶብስ ወርደህ በደን ውስጥ ጥቂት ትሄዳለህ፣ አልቋል። አናቱ ላይ የሚጠብቅህ ገደል ወይም ነፋስ አይደለም፣ ድንች ጥብስ ቤት ነው። የመኪና ማቆሚያ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ከአጥር ተክል የተሠራ፣ ሰው ለጨዋታ ገብቶ የሚጠፋበት የተጠላለፈ መንገድ። ትንሽ አለፍ ብሎ የሆላንድ፣ የቤልጂየምና የጀርመን ድንበር አንድ ላይ የሚገናኝበት ነጥብ አለ፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ አንዱን እግሩን እዚያ፣ አንዱን እዚህ፣ እጁን ደግሞ ሌላው ላይ አድርጎ ፎቶ ይነሳል። እኔም ተነሳሁ፣ ምን አገባችሁ። አንድ ዘመን እንዲያውም አራት ነበሩ፤ ሞረስኔት የምትባል የማንም ያልሆነች ሚጢጢ ምድር ከ1816 ጀምሮ መሃላቸው ተቀምጣ ከመቶ ዓመት በላይ ኖራለች፣ መነሻው የዚንክ ማዕድን ነበር፣ ሁለት ኃያላን ተጣልተው ማንም አይውሰዳት ተባለ። ሦስት አገር ለመርገጥ አንዳንዱ ስንት ወረቀት፣ ስንት ቀጠሮ፣ ስንት ዓመት እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ሐበሻ እዚያ ድንጋይ ላይ ቆሞ የሚሰማውን ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ድንች ጥብሴን በላሁ።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ "በቃ፣ የአገርህን ከፍተኛ ተራራ ወጣሁልህ" አልኩት። "ተሳስተሃል" አለኝ በሚያናድድ እርጋታ። ለካ ከጥቅምት 10 ቀን 2010 ጀምሮ ካሪቢያን ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ደሴት በሕግ የኔዘርላንድስ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ሆናለች፣ እዚያ ላይ ደግሞ 870 ሜትር ገደማ የሆነ እሳተ ገሞራ አለ። አገሩ በአንድ ሌሊት በፊርማ ከእጥፍ በላይ ከፍ አለ ማለት ነው። የደሴቲቱ ስም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሳባ። አዎ፣ ሳባ። ንግሥታችንን ፍለጋ የት የት አልዞርንም፣ ሆላንዶች ማዘጋጃ ቤት አድርገዋት ተቀምጠዋል።

የተራራ አምሮታቸው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ድሬንተ ውስጥ የቆሻሻ ክምር ላይ አስፋልት አንጥፈው የብስክሌት ዳገት አድርገውታል፣ በ2023 የአውሮፓ የብስክሌት ሻምፒዮና ያለቀው እዚያ ቆሻሻ አናት ላይ ነው። የእኛ ቆሼ ላይ ምን እንደደረሰ ለምናስታውስ ሰዎች ይሄን መስማት ትንሽ ያማል፣ ልለፈው። በ2011 ደግሞ ታይስ ዞንፈልድ የሚባል የቀድሞ ብስክሌተኛና ጋዜጠኛ "ሁለት ሺህ ሜትር ተራራ እንሥራ" ብሎ ጻፈ። ቀልዱን ነበር መሰለኝ። አገሩ ግን በቁም ነገር ያዘው። መሐንዲሶች ተሰበሰቡ፣ ስንት አሸዋ ይፈጃል፣ መሬቱስ ይሸከመዋል ወይ፣ ብረት ውስጡ ይግባ ወይስ አይግባ ተባለ። አልተሠራም በእርግጥ። ግን ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ አሸዋ ተቆልሎ ቢያልቅ እንኳ አናቱ ከመርካቶ ዝቅ ይል ነበር።

ከሁሉም ግን አእምሮዬ ውስጥ የቀረው በጣም ትንሹ ነው። ሰሜን፣ ፍሪስላንድ ውስጥ ሄገበይንተም የምትባል መንደር አለች። ዙሪያው እንደ ምጣድ የተለጠጠ ሜዳ ነው። መሃሉ ላይ አንዲት ጉብታ፣ ከባህር ጠለል በላይ 8 ሜትር ከ80። አናቷ ላይ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያው መቃብር። ይቺን ጉብታ በረዶም እሳተ ገሞራም አልሠራትም። ሰው ነው የሠራት። ግድብ ከመሠራቱ በፊት፣ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመትና ከዚያም ወዲህ፣ ባህሩ ሲሞላ ሜዳውን ስለሚውጠው ሰዎቹ ጭቃውን፣ ፍግ፣ የቤት ጥራጊ፣ ያገኙትን ሁሉ እየቆለሉ ትውልድ በትውልድ ላይ ከፍ እያደረጉት ከነከብቶቻቸው ላዩ ላይ ኖሩ። በሰሜኑ ዳርቻ እንዲህ ዓይነት ብዙ መቶ ጉብታ ነበር። ግድብ ከመጣ በኋላ አፈሩ ለም ስለሆነ ማዳበሪያ ብለው እየቆፈሩ ሸጡት። ሄገበይንተምም ተቆርጣለች፣ አንዱ ጎኗ ቢላ እንደገባበት ድፎ ዳቦ ቀጥ ብሎ ይታያል።

ደረጃውን ወጣሁ። ደቂቃ አይፈጅም። ላይ ሆኜ ያየሁት ላሞችና የሩቅ ሩቅ የሆነ ሰማይ ነው። ስምንት ሜትር። እኛ ሰፈር ከቤታችን እስከ ቧንቧው ያለው ዳገት ይበልጣል። ግን እዚያ ቆሜ የመጀመሪያው ሰውዬ የመጀመሪያዋን ቅርጫት ጭቃ ሲያፈስ ታየኝ። እኔን እግዜር ነው እንጦጦ እግር ሥር ያስቀመጠኝ፣ ለዚያ ዳገት አንድ አካፋ አላነሳሁም፤ ባነሳ ኖሮ ምናልባት ሰው 69 ሜትር ሲለኝ ሻዬ አፍንጫዬ ድረስ አይመጣም ነበር።

ሆላንዶች ከፍታን በሳንቲሜትር የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤቱና ኦፔራው አንድ ላይ ያሉበት ሕንፃ ውስጥ የነሐስ ቡሎን የምታህል ነገር አለች፣ የአገሩ ዜሮ እሷ ናት። ቁመት ሁሉ ከእሷ ከፍታ ተነስቶ ይለካል። እዚያው ውሃ የሞላባቸው የመስታወት ቱቦዎች ቆመዋል። ሁለቱ ባህሩ አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ የት እንዳለ ያሳያሉ፣ ቀስ እያሉ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሦስተኛው አይንቀሳቀስም። ቀና ብለህ ነው የምታየው፣ 4 ሜትር ከ55። በ1953 የካቲት መግቢያ ሌሊት ዜላንድ የሚባለው ክፍለ ሀገር ላይ ባህሩ ግድቡን ሲሰብር የደረሰበት ነው። 1,836 ሰው ሞቷል። ጣራ ላይ ወጥተው የተረፉ አሉ፣ ብዙዎች ግን ቀሩ። ከዚያ ቱቦ ሥር የቆምኩ ጊዜ ሰፈሬን አሰብኩና አንድ ፎቅ ከፍ ያለ ቤት መፈለግ ጀመርኩ። አላገኘሁም፣ የቤት ነገር እዚህ ሌላ ታሪክ ነው።

ደስ የሚለውን ደግሞ ልንገራችሁ። ናይሜኸን ከተማ በየዓመቱ ኅዳር ላይ "የሰባት ኮረብታ ሩጫ" የሚባል የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር አለ። ሰባት ኮረብታ! በሆላንድ! የሰፈሩ ስም ራሱ "ተራራና ሸለቆ" ነው። እኛም አለንበት፤ በ2009 ጥሩነሽ ዲባባ በ46 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረችበት፣ በ2019 ደግሞ ለተሰንበት ግደይ መጥታ 44 ደቂቃ ከ20 አደረገችው። የዓለም ክብረ ወሰን ኮረብታ ላይ! ለእነሱ ያ ኮረብታ ምን ሊሆን ይችላል፣ ማሟሟቂያ። እኔ አንዴ ሮጬዋለሁ። ሰዓቴን አትጠይቁኝ።

ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። ምንድነው የሚያደክምህ? ነፋሱ ነው እማዬ። ሜዳ ላይ የሚያቆመው ነገር የለም። ጠዋት ወደ ሥራ ፊት ለፊት ይመጣል፣ ማታ ስመለስ ዞሮ ደግሞ ፊት ለፊት ይመጣል፣ እንዴት እንደሚያደርገው አላውቅም። ሆላንዶች ነፋሱ ነው ተራራችን ይላሉ። ማዕበል የሚከላከለው ግድብ ላይ በነፋስ ተቃራኒ ብቻ የሚነዳበት ብሔራዊ ሻምፒዮና አላቸው፣ ማርሽ በሌለው ተራ ብስክሌት፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ቀኑ የሚቆረጠው ማዕበል ሲተነበይ ነው። ይሄ አቀበት አናት የለውም። ደርሰህ "እፎይ" የምትልበት፣ ዞረህ የመጣህበትን የምታይበት ቦታ የለም።

አምና አገር ቤት ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን፣ እንደ ልማዴ፣ እንጦጦ ልውጣ አልኩ። እናቴ "ትንሽ እረፍ እንጂ" ብላኝ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ሸማ ተራ አልፌ ዳገቱን ስጀምር ሃያ ደቂቃ አልሄድኩም፣ ደረቴ ተዘጋ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ከኔ እናት የማያንሱ ሴትዮ ቅጠል ጀርባቸው ላይ ተሸክመው ቁልቁል ሲመጡ አዩኝና ቆሙ። "ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?" አሉኝ። አይ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው አልኩ። "እንግዳ ነህ ለአገሩ?" ምን ብዬ ልመልስ? የተወለድኩት ከዚያ ድንጋይ ሆኖ በሚታይ ቤት ውስጥ ነው። "አዎ" አልኳቸው።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቴን አየችና ሳቋ መጣ።

"ዳገቱን ሜዳ ያድርግልህ ብዬ ብመርቅህ" አለችኝ፣ "አንተኑ ሜዳ አድርጎህ ቁጭ አለ!"